እየተሞላ የሚያልቅ ስልክ፦ በቤት የተሠራ የመኪና ቻርጀር የጉዳይ ጥናት

መነሻው

ጉዳዩ የአንድ ዕቃ አመላላሽ ሹፌር ነው። የሚነዳው ባለ 12 ቮልት አነስተኛ መኪና ነው፤ ስልኩን የፊት መስታወቱ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ በካርታ ይመራበታል። ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ከገባ ቻርጀር ጋር እንደተገናኘ ይውላል። ሆኖም ሲነሱ 80 በመቶ የነበረው ባትሪ ከ6 ሰዓታት ጉዞ በኋላ 30 በመቶ ላይ ይገኛል። የሚገርመው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው የቻርጅ ምልክት አንድም ጊዜ አልጠፋም።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ባትሪው ነበር። ተቀየረ፤ ለውጥ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ነገሩን የያዘው የሹፌሩ ወዳጅ የሆነ የሬዲዮ ጥገና ባለሙያ ነው። ከዚህ በታች ያለው እሱ የሠራው፣ የተሳሳተበትና መልሶ ያረመው ነው።

ልኬቱ ያሳየው

በቻርጀሩና በገመዱ መካከል ቮልትና አምፔር የሚያሳይ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ገባ። ንባቡ 4.9 ቮልትና 0.45 አምፔር ሆነ፤ ሲባዛ 2.2 ዋት ነው። ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን፣ ጂፒኤሱና ዳታው ተከፍተው ስልኩ ለራሱ የሚበላው ግን 3.5 ዋት ገደማ ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው ባትሪው ነው፤ በየሰዓቱ 1.3 ዋት ሰዓት ይወጣለታል። ባለ 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ሞልቶ የሚይዘው 15.4 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ ጉድለቱ በሰዓት 8 በመቶ ይደርሳል። ሹፌሩ ከሚያየው ጋር በትክክል ይገጥማል።

ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው «2.1 አምፔር» ነበር። ባለሙያው ቻርጀሩ ደካማ ነው ብሎ ደመደመ፤ የተሻለ ለመሥራትም ተነሳ። ድምዳሜው ግማሹ ስህተት እንደነበር የታወቀው ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ 7805

በእጁ የነበረው 7805 ነው፤ በየሬዲዮው ውስጥ የሚገኝ ባለ ሦስት እግር 5 ቮልት ማስተካከያ። ቮልቴጁን የሚያረጋጉ ሁለት ካፓሲተሮችና አንድ ቁራጭ አሉሚኒየም ተጨምሮበት በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲሞከር ጥቂት ደቂቃ ሠራ። ሞተሩ ሲነሳ ግን ስልኩ ቻርጅ ይጀምራል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይጀምራል፤ የቻርጅ ድምፁ መንገዱን ሙሉ ያቃጭላል።

ምክንያቱ ስሌቱ ውስጥ አለ። 7805 ትርፉን ቮልቴጅ የሚያስወግደው ወደ ሙቀት ቀይሮ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ሶኬቱ ላይ ያለው 12 ሳይሆን ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ነው። ከ14 ወደ 5 ሲወርድ 9 ቮልት ይተርፋል፤ በ0.48 አምፔር ሲባዛ 4.3 ዋት ሙቀት ነው። 7805 ያለ ሙቀት ማስወገጃ ለእያንዳንዱ ዋት 65 ዲግሪ ያህል ይግላል። ያቺ ትንሽ አሉሚኒየም ግለቱን በግማሽ እንኳ ብትቀንሰው ውስጡ ከ150 ዲግሪ ያልፋል፤ ቺፑም ራሱን ያጠፋል፣ ሲበርድ ይመለሳል። በ1.5 አምፔር ቢሆን ሙቀቱ 13.5 ዋት ይሆን ነበር፤ ይህ የትንሽ ብየዳ ካውያ ሙቀት ነው። ለመኪና ፈጣን ቻርጀር 7805 ማሰብ ከጅምሩ አያዋጣም፤ የአሉሚኒየሙ መጠን አያድነውም።

ሙከራው ግን አንድ ነገር አስተማረ። ቺፑ ሳይቆርጥ በቆየባቸው ደቂቃዎችም ስልኩ የሳበው ከ0.48 አምፔር አላለፈም። 7805 አንድ አምፔር ይሰጣል። ታዲያ የገደበው ማን ነው?

ስልኩ የሚጠብቀው ምልክት

ቻርጀር ኤሌክትሪክ ወደ ስልክ አይገፋም፤ የሚስበው ስልኩ ነው። ምን ያህል እንደሚስብ የሚወስነውም በዩኤስቢው መሐል ያሉትን ሁለት የዳታ እግሮች፣ ዲ ፕላስና ዲ ማይነስን፣ አይቶ ነው። የድሮው ቻርጀር ሲከፈት ሁለቱም እግሮች ከምንም ጋር አልተገናኙም። የ7805ቱም እንዲሁ ነበር። ስልኩ ምልክት ሲያጣ ተራ የኮምፒውተር ሶኬት ላይ የተሰካ ይመስለውና በ0.5 አምፔር ይወሰናል።

በ2010 የወጣው የዩኤስቢ የባትሪ ቻርጅ ደንብ መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቻርጀሩ በኩል ዲ ፕላስና ዲ ማይነስ ከ200 ኦም ባነሰ መቋቋም እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፣ ከሌላ ከምንም ጋር አይገናኙም። ስልኩ ይህን ሲያገኝ እስከ 1.5 አምፔር መሳብ እንደሚችል ይረዳል። አንድ ጠብታ ስታኞ ይበቃል።

አይፎን ሌላ ቋንቋ አለው። በሁለቱ እግሮች ላይ የተወሰነ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ለ2.1 አምፔር ዲ ፕላስ ላይ 2.7፣ ዲ ማይነስ ላይ 2.0 ቮልት። 5 ቮልቱ በ43 ኪሎ ኦምና በ49.9 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች (ጅረትን የሚገድቡ ዕቃዎች) ሲካፈል የመጀመሪያው፣ በ75 ኪሎ ኦምና በ49.9 ኪሎ ኦም ሲካፈል ሁለተኛው ይገኛል። ለሹፌሩ ረዳት ስልክ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ሶኬት ታስቦ ነበር። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ 3.6 አምፔር ስለሚሆን፣ ቀጥሎ የተመረጠው ቦርድ ደግሞ ከ3 አምፔር ስለማያልፍ፣ ሐሳቡ ተተወ።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ስዊቺንግ ቦርድ

የተመረጠው ኤልኤም2596 ያለበት ተዘጋጅቶ የሚገኝ ቮልቴጅ መቀነሻ ቦርድ ነው። ቺፑ በሰከንድ 150,000 ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ቮልቴጁን ስለሚያወርድ የሚባክነው ጥቂት ነው፤ ከ12 ወደ 5 ቮልት ሲያወርድ ብቃቱ 80 በመቶ አካባቢ ነው። መግቢያው እስከ 40 ቮልት ይችላል። ከዚህ ያነሱ፣ ግን 28 ቮልት ብቻ የሚችሉ ቦርዶችም አሉ፤ ለመኪና የሚመከሩ አይደሉም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

ቦርዱ ሲመጣ መውጫው የት ላይ እንደተስተካከለ አይታወቅም፤ 12 ቮልት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምንም ሳይሰካበት በመልቲሜትር እየታየ፣ ላዩ ላይ ያለችው ትንሽ ትሪመር (የምትዞር ተለዋዋጭ ሬዚስተር) በካቻቢቴ እየዞረች 5.1 ቮልት ላይ ቆመ። ትሪመሯ ከ20 ዙር በላይ ስላላት መጀመሪያ ላይ ምንም የማይለወጥ ይመስላል፤ ብዙዎች በዚህ ሰዓት በተቃራኒው አቅጣጫ መዞር ይጀምራሉ።

ከስልኩ በፊት የተሰካው ባለ 3.3 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ነው። 1.55 አምፔር ይስባል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መውጫው ከ5.05 ካልወረደና ቺፑ ላይ ጣት ለጥቂት ሰከንድ መቆየት ከቻለ ቦርዱ ደህና ነው። ኤልኤም2596 የተባሉ፣ ግን ከ150,000 በጣም ባነሰ ፍጥነት የሚሠሩ አስመሳይ ቺፖች በብዛት ስላሉ ይህ ፈተና ቢዘለል ኋላ ይቆጫል።

የዳታ እግሮቹ ተያይዘው ስልኩ ሲሰካ መለኪያው ያነበበው 0.9 አምፔር ብቻ ነበር። ከድሮው እጥፍ ቢሆንም 1.5 አልደረሰም። የቀረውን የበላው ገመዱ ነው። 1.2 ሜትር የሚረዝመው ቀጭን ገመድ ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ ስፋት 0.08 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ሄዶ መልስ ከነማገናኛዎቹ 0.6 ኦም። በ0.9 አምፔር 0.55 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፣ ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4.55 ነው። ስልኩ ቮልቴጁ እዚህ መውረዱን ሲያይ ምንጩ የደከመ መስሎት ከዚያ በላይ አይስብም። 1 ሜትር የሆነ፣ የኃይል ሽቦው 0.2 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ገመድ ሲተካ ንባቡ 1.45 አምፔር ደረሰ፤ ስልኩ ጋ 4.73 ቮልት። 6.9 ዋት ማለት ነው። ከፍጆታው ተርፎ በሰዓት 20 በመቶ ያህል ባትሪው ውስጥ መግባት ጀመረ።

በሦስተኛው ሳምንት የሆነው

ሥራው ያለቀ መስሎ ነበር። መለኪያው ሳይነሳ እንደተሰካ መቅረቱ በአጋጣሚ ጠቀመ። አንድ ቀን ሸካራ መንገድ ላይ ስልኩ ቻርጅ አቆመ፤ ሹፌሩ መለኪያውን ሲያይ 13 ቮልት ገደማ ይላል። ነቀለው። ስልኩ የራሱ የከፍተኛ ቮልቴጅ መከላከያ ስለነበረው ተረፈ። ሁሉም ስልክ ይህ መከላከያ እኩል የለውም።

ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ሲመረመር ፍጹም ደህና ነበር፦ 5.1 ቮልት። በእርሳስ ጫፍ ትሪመሯ ቀስ ብሎ ሲመታ ግን መውጫው ለቅጽበት ወደ መግቢያው ቮልቴጅ ይዘላል። ትሪመሯ የተቀመጠችው በመውጫውና ቺፑ የመውጫውን ቮልቴጅ መልሶ በሚያነብበት የግብረ መልስ እግር መካከል ነው። በውስጧ ያለችው ተንሸራታች በንዝረት ስትለቅ፣ ከታች ያለው ሬዚስተር እግሩን ወደ ዜሮ ይጎትተዋል። ቺፑም «መውጫው ዜሮ ነው፤ ጨምር» ብሎ ማብሪያውን ሙሉ በሙሉ ይከፍታል። ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ሥራ ይህ ቦርድ ጥሩ ነው፤ ለሚንቀጠቀጥ ነገር ግን እንዳለ መዋል የለበትም።

መፍትሔው ሁለት እርከን ነበረው። አንደኛው፣ ትሪመሯና ከሥሯ ያለው ሬዚስተር ተነቅለው ቋሚ ሬዚስተሮች ገቡ፤ የሁሉም ስህተት ከ1 በመቶ አያልፍም። በስሌቱ የላይኛው ሬዚስተር ለታችኛው ተካፍሎ 1 ይደመርበታል፣ ውጤቱም በ1.23 ቮልት ይባዛል። ታችኛው 1 ኪሎ ኦም፣ ላይኛው 3 ኪሎ ኦምና 150 ኦም በተከታታይ ሲሆኑ 5.10 ቮልት ይገኛል።

ሁለተኛው፣ ብየዳ ሊሰነጠቅ፣ ቺፑም ራሱ ሾርት ሊሆን ስለሚችል፣ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ፊውዙን በግድ የሚያቃጥል መከላከያ ታከለ። ዕቃው ቢቲ151 ታይሪስተር (ጌት በሚባለው እግሩ ምልክት ሲደርሰው «ተኩሶ» ሾርት የሚያደርግ ማብሪያ)፣ ባለ 5.6 ቮልት ዜነር (ከዚያ ቮልቴጅ በላይ ሲሆን የሚያስተላልፍ ዳዮድ) እና ሁለት ሬዚስተር ነው። ዜነሩ ከመውጫው ተነስቶ በ22 ኦም በኩል ወደ ታይሪስተሩ ጌት ይሄዳል፤ ከጌቱ ወደ ኔጋቲቭ ደግሞ 100 ኦም አለ። መውጫው 6.5 አካባቢ ሲደርስ ታይሪስተሩ ይተኩሳል።

ታይሪስተሩ መጀመሪያ የታሰረው በመውጫው ላይ ነበር፤ በብዙ ንድፎች ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። ሲሞከር ስልኩን ይጠብቃል፣ ፊውዙ ግን አይቃጠልም። ቺፑ ደህና ሆኖ ግብረ መልሱ ብቻ ሲበጠስ፣ መውጫው ሾርት ቢሆንም ቺፑ በራሱ ገደብ ከ4 አምፔር በላይ መስጠቱን ይቀጥላል፤ መውጫው 1 ቮልት ገደማ ስለሆነ ግን ከመኪናው የሚስበው ከአንድ አምፔር በታች ነው። ባለ 2 አምፔሩ ፊውዝ ምንም አይሰማውም፣ ታይሪስተሩ ግን ሳጥኑ ውስጥ ይግላል። ስለዚህ የታይሪስተሩ አኖድ (ፖዘቲቭ እግሩ) ከመውጫው ተነስቶ ወደ መግቢያው፣ ከፊውዙ በኋላ ወዳለው ነጥብ ተዛወረ። ዜነሩ ባለበት መውጫውን ይጠብቃል። አሁን ሲተኩስ ሾርት የሚያደርገው የመኪናውን 12 ቮልት ነው፤ ጥፋቱ የቺፑም ይሁን የሬዚስተሩ ፊውዙ ወዲያው ይሄዳል።

ለሙከራው በየጊዜው ፊውዝ ማቃጠል አያስፈልግም። በፊውዙ ቦታ ባለ 12 ቮልት፣ 5 ዋት አምፖል ይገባል፤ ከሌላ ተስተካካይ ምንጭ መውጫው ላይ ቮልቴጁ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። በዚህ ሥራ አምፖሉ ቦግ ያለው በ6.6 ቮልት ነበር።

ከሶኬቱ እስከ ስልኩ፣ በመጨረሻው መልክ

የሶኬቱ መሐል ፖዘቲቭ፣ ዙሪያው ኔጋቲቭ ነው። ከመሐሉ መጀመሪያ የሚመጣው ባለ 2 አምፔር ፊውዝ ነው፤ በራሱ በሰኪው ውስጥ፣ ከማንኛውም ሽቦ በፊት። የመኪናው ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር ስለሆነ ቀጭን ሽቦ አያድንም፤ ሽቦው ቀድሞ ይቃጠላል። በሙሉ ጭነት ከመኪናው የሚሳበው 0.7 አምፔር ያህል ስለሆነ 2 አምፔር ሰፊ ነው።

ከፊውዙ በኋላ ቲቪኤስ የሚባለው ድንገተኛ ቮልቴጅ የሚውጥ ዳዮድ ይመጣል፤ የተመረጠው ፒ6ኬኢ27ኤ ነው። አልተርኔተሩ እየሞላ ሳለ የባትሪው ተርሚናል ቢላቀቅ መስመሩ ላይ ለአንድ ሰከንድ ክፍልፋይ ከ80 ቮልት በላይ ሊነሳ ይችላል። በዘመናዊ መኪና አልተርኔተሩ ራሱ ወደ 35 ያወርደዋል፤ 28 ቮልት ብቻ የሚችለው ቦርድ ያልተመረጠው ለዚህ ነው። ዳዮዱ እስከ 23 ቮልት ዝም ይላል፣ ከፍ ሲል ከ37.5 እንዳያልፍ ይይዘዋል፤ የቺፑ ገደብ 40 ነው። ጉልበቱ ከአቅሙ ካለፈ ሾርት ሆኖ ይሞታል፣ ፊውዙም አብሮት። ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ላይ ግን ይህ ቻርጀር አይሰካም፦ ሞተሩ ሲሠራ 28 ቮልት ስለሚኖር ዳዮዱ ፊውዙን ሊያቃጥል ይችላል።

የቦርዱ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች እስከ 85 ዲግሪ ሙቀት ብቻ የሚችሉ ስለነበሩ እስከ 105 በሚችሉ ተተኩ፤ የመግቢያው 50 ቮልት የሚችል ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ 10 ዲግሪ ልዩነት የካፓሲተርን ዕድሜ በእጥፍ ይለውጣል። ቦርዱ ሳጥኑ ውስጥ መጀመሪያ የተያዘው በትኩስ ሙጫ ነበር፤ በመጀመሪያው ሞቃት ቀን ለስልሶ ቦርዱ ተንሸራተተ። አራት ብሎን ተደረገለት። ሳጥኑም ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ሆነ።

ያልተሳካው

ሬዲዮው። ቻርጀሩ ሲሠራ በኤኤም ሞገድ ላይ ፉጨት ይሰማል፤ የ150 ኪሎ ኸርዝ ብዜቶች፣ 600፣ 750፣ 900፣ በቀጥታ ጣቢያዎቹ ላይ ይወድቃሉ። ሁለቱ የመግቢያ ሽቦዎች አንድ ላይ ረብሻ በሚያፍን የፌራይት ቀለበት አምስት ጊዜ ተጠመጠሙ፣ መግቢያው ላይ ባለ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ተበየደ፣ ሽቦው አጠረ። ጠንካራ ጣቢያዎች ጠሩ፤ ደካሞቹ ላይ ፉጨቱ አለ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ስልኩ መስታወቱ ላይ ፀሐይ እየመታው፣ ንባቡ ወደ 0.6 አምፔር ወረደ። ቻርጀሩ ጋ 5.1 ቮልት አለ፤ ገመዱም ደህና ነው። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞላ ስለሚጎዳ ስልኩ ራሱ ይቀንሳል። የስልኩ መስቀያ ወደ ነፋስ መውጫው ሲዛወር 1.3 ተመለሰ። በቻርጀሩ በኩል ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር።

ሹፌሩ «ፈጣን ቻርጅ» የሚለው ጽሑፍ ለምን ስክሪኑ ላይ እንደማይወጣ ጠይቋል። ያ ጽሑፍ በብዙ ስልኮች ላይ የሚወጣው ስልኩና ቻርጀሩ ተነጋግረው ወደ 9 ቮልትና ከዚያ በላይ ሲወጡ ነው። ክዊክ ቻርጅ በተባለው የፈጣን ቻርጅ ዘዴ ስልኩ ዲ ፕላስ ላይ 3.3፣ ዲ ማይነስ ላይ 0.6 ቮልት በማድረግ 9 ቮልት ይጠይቃል፤ ፓወር ዴሊቨሪ በተባለው ሌላው ዘዴ ንግግሩ በታይፕ ሲ ሌላ እግር ላይ ነው። ይህን የሚረዳ መቆጣጠሪያ ቺፕ ያለበት ቦርድ ያስፈልጋል። ሬዚስተር ቀይሮ መውጫውን በቀጥታ 9 ቮልት ማድረግ ግን ባልጠየቀ ስልክ ላይ 9 ቮልት መጫን ነው።

ለሌላ ሥራ የሚያገለግለው

መለኪያው ከሁሉም ግዢ መቅደም ነበረበት፤ በሁለት ቦታ፣ ቻርጀሩ ጋና ስልኩ ጋ። ቻርጀሩ ጋ ብቻ የሚለካ ሰው የገመዱን ጥፋት በጭራሽ አያገኝም። ባትሪው ሳይቀየርም ይቀር ነበር።

አንድ ምልክት ሁለትና ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። እዚህ የዳታ እግሮቹ የገመዱን ጥፋት ሸፍነውት ነበር፤ በ0.45 አምፔር ያ ቀጭን ገመድ ደህና ይመስላል። አንዱ ሲነሳ ነው ሌላው የሚታየው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ሁለት ነገር በአንዴ አይቀየርም።

ተዘጋጅቶ የመጣ ቦርድ ላይ የሚጠየቀው «ይሠራል ወይ» ብቻ መሆን የለበትም። «ይህች ክፍል ብትላቀቅ መውጫው ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ሬዚስተርና ለእያንዳንዱ ማገናኛ መጠየቅ አለበት። መከላከያም ካልተተኮሰ መከላከያ መሆኑ አይታወቅም፤ የታይሪስተሩ ቦታ ስህተት የተገኘው በወረቀት ላይ አይደለም፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።

አንድ ነገር በአሠራሩ ላይ ቀርቷል። የዚህ መኪና ሶኬት ቁልፉ ቢነቀልም ኤሌክትሪክ አለው። ቻርጀሩ ያለ ስልክ፣ ከመብራቱ ጋር፣ 10 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል፤ በቀን 0.24፣ በወር 7 አምፔር ሰዓት ያህል። ለአንድ ሌሊት ምንም አይደለም። መኪናው ለሳምንታት ሊቆም ሲል ግን ሹፌሩ ይነቅለዋል።